ደብዛዛ ብርሃን ነው የሚመቸኝ፤ ዓይኔ ታሞ ይሆን?

ጥያቄውን አሳጥሬ ላስቀምጠው። ጠያቂዋ 31 ዓመቷ ነው። ቢሮ ውስጥ ከኮርኒሱ የሚወርደው ነጭ መብራት ዓይኗን ይወጋታል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ራሷን ያማታል። ቤት ስትገባ ከአንዲት ትንሽ አባጁር በቀር ምንም ማብራት አትፈልግም። ባለቤቷ «ቤቱን ዋሻ አደረግሽው» ይላታል። ሰሞኑን ቢሮ ውስጥም ጥቁር መነጽር ማድረግ ጀምራለች። ይሄ በሽታ ነው ወይ? በደብዛዛ ብርሃን መኖር ዓይኔን ያደክመዋል ወይ? ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል የሚሉትን መነጽርስ ልግዛ? ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ በቅድሚያ ተረጋጊ። ደብዘዝ ያለ ብርሃን መውደድ በሽታ አይደለም፤ ዓይንም አያጠፋም። ማታ ማታ በአንዲት አባጁር መቀመጥ የሚወድ ሰው ሞልቷል፣ አንዷ እኔ ነኝ። ከጻፍሽው ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ የቤቱ ጨለማ አይደለም። ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ራስ ምታትና ቢሮ ውስጥ የምታደርጊው ጥቁር መነጽር ነው። በተለይ መነጽሩ። እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ምርጫንና ሕመምን እንለያቸው። ደማቅ ክፍል ስትገቢ «አይመቸኝም፣ ቢቀንስልኝ ደስ ይለኛል» ብለሽ ሥራሽን መቀጠል ከቻልሽ ምርጫ ነው። ዓይንሽ ካለቀሰ፣ ሳታስቢው ከተጨፈነ፣ ከቆጠቆጠሽ ወይም ግንባርሽን አጨማደሽ ካልሆነ ማየት ካቃተሽ ግን ምልክት ነው፣ ምልክት ደግሞ መንስኤ አለው። እንደገባኝ አንቺ ዘንድ ሁለቱም አሉ። የቤቱ ምርጫ ነው፣ የቢሮው ምልክት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቀሽ «እኔ ብርሃን አልችልም» ማለት ከጀመርሽ መፍትሔውም ይጠፋብሻል።

ብርሃን እንዴት ነው የሚያመው? ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ራሱ ሕመም አይሰማውም። ሕመሙን የሚሸከመው ትራይጀሚናል የሚባለው፣ የፊታችንን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ነው። ግንባርን፣ የዓይን ቆብን፣ ኮርኒያን (ከፊት ያለውን ብርሃን አሳላፊ የዓይን ሽፋን) ሁሉ እሱ ነው የሚያገለግለው። ለዚህም ነው ብርሃን ሲወጋን ሕመሙ ዓይን ላይ ብቻ የማይቀረው፣ ወደ ግንባርና ወደ ሰረሰር ይሄዳል። 2010 ላይ የሃርቫርዱ ራሚ በርስቲንና ባልደረቦቹ ማየት የተሳናቸውን የማይግሬን ሕመምተኞች አጥንተው ነበር። ዓይናቸውን ጨርሶ ያጡት ወይም የዓይን ነርቫቸው የሞተባቸው ሰዎች ብርሃን ሕመማቸውን አላባሰባቸውም። ነገር መለየት የማይችሉ፣ ግን ብርሃን መኖሩን የሚያውቁት ሰዎች ግን ማይግሬኑ ሲነሳባቸው ብርሃኑ አባሰባቸው። ማየት ሳይችሉ ማለት ነው!

ምክንያቱ ሬቲና ውስጥ ሥራቸው ምስል ማየት ሳይሆን የብርሃኑን መጠን መለካት የሆነ ሴሎች መኖራቸው ነው። ሜላኖፕሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይይዛሉ፣ ይበልጥ የሚነቁት ደግሞ 480 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። የዓይን ብሌን እንዲጠብ ያዛሉ፣ የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላሉ፣ መልእክታቸው ደግሞ አንጎል ውስጥ ታላመስ በሚባለው ክፍል ከሕመም መልእክት ጋር ይገናኛል። ስለዚህ አንድ ሰው «ዓይንሽ ንጹሕ ነው» ተብሎ ሲያበቃ ብርሃን ግን ያመኛል ቢል አላበደም፣ አላጋነነም። ይሄንን የምለው ብዙዎቻችሁ «ምንም የለብሽም» ተብላችሁ ስለምትሸኙ ነው።

አሁን ወደ መንስኤዎቹ። በብዛት የማየው የዓይን ድርቀት ነው፣ ስለዚህ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ሲያወራ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ያውም ብዙው እርግብግቢት ግማሽ ነው፤ የላይኛው ቆብ ወርዶ ከታችኛው ሳይገናኝ ይመለሳል። እዚያ ሳይዳረስ የቀረው የኮርኒያ ክፍል ላይ የእንባው ሽፋን ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ይደርሳል። አንድ፣ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ መግባቱን ትቶ ይበታተናል፣ መብራቱ ዙሪያውን ጨረር ያወጣል። ሁለት፣ ኮርኒያ በሰውነታችን ውስጥ የነርቭ ጫፍ በብዛት ከታጨቀባቸው ቦታዎች አንዱ ነውና የተጋለጠው ቦታ መቆጥቆጥ ይጀምራል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ የሚብስ መሆኑ ይሄንን ያስጠረጥረኛል።

ራስሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ። ከሰዓት በኋላ ዓይንሽ መወጋት ሲጀምር ሁለት ሦስት ጊዜ ቆቦቹ እስኪነካኩ ድረስ ቀስ ብለሽ አርገብግቢ። ፊደሉ ጠርቶ፣ ብርሃኑ ትንሽ በርዶልሽ፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ተመልሶ ከደበዘዘ ድርቀት ይኖርብሻል። እንደዚያ ከሆነ እንዳይበላሽ ተብሎ የሚጨመር ኬሚካል የሌለው ሰው ሠራሽ እንባ (የዓይን ማርጠቢያ ጠብታ)፣ ፊትሽ ላይ የሚነፋውን የአየር ማቀዝቀዣ አቅጣጫ ማስቀየር፣ ስክሪኑን ከዓይንሽ መስመር ዝቅ ማድረግ (ቆብሽ ትንሽ ስለሚወርድ የሚጋለጠው የዓይን ክፍል ያንሳል) ይጠቅማሉ። ዓይን ያነጣል የሚባለውን መቅላት የሚያጠፋ ጠብታ ግን አትልመጂ። ሲተዉት መቅላቱ ብሶ ይመጣል።

ሁለተኛው ማይግሬን ነው። ሰዎች ማይግሬን ሲባል አልጋ ላይ የሚጥል ራስ ምታት ብቻ ይመስላቸዋል። ቀለል ያለም አለ። ራስ ምታቱ በሌለበት ቀንም ብርሃን የሚከብዳቸው አሉ። ራስሽን ሲያምሽ ድምፅም ይረብሽሻል? ያቅለሸልሽሻል? ደረጃ ስትወጪ ይብስብሻል? ከቤተሰብሽ ማይግሬን ያለበት አለ? ለእነዚህ ሁለት ሦስት «አዎ» ካለሽ መብራት ከመቀየርሽ በፊት ማይግሬኑን የሚያክም ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ማይግሬኑ ሲታከም የብርሃኑ ነገር አብሮ የሚቀልላቸው ብዙ ናቸው።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ያልታረመ የመነጽር ቁጥር፣ በተለይ አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ እኩል ባለመሆኑ ምስሉ የሚበተንበት)። በደንብ ያልተያዘ ኮንታክት ሌንስ። ጭንቅላት መመታት፣ ከወራት በፊት የደረሰም ቢሆን። አንዳንድ የአለርጂና የድብርት መድኃኒቶች የዓይን ብሌንን ያሰፋሉ፣ እንባንም ያደርቃሉ፤ የምትወስጂው ካለ ለሐኪምሽ ንገሪው እንጂ ራስሽ አታቁሚው። ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎችም ብርሃን አብዝቶ ሊሰማቸው ይችላል፣ እሱ የሚታከም ሳይሆን የሚከበር ነገር ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ ደግሞ የዓይን ሞራ ጅማሮ የመኪና መብራትን እሳት ያስመስለዋል።

እንዲህ ከሆነ ግን ይሄን ጽሑፍ ተዪውና ዛሬውኑ ታከሚ። ዓይን ቀልቶ ውስጡ ድረስ ከታመመ፣ በተለይ አንዱ ዓይን ብቻ ከሆነ፤ እይታ ከቀነሰ፤ ዓይን ውስጥ ነገር ከገባ ወይም ከተመታ። የዓይን ውስጠኛው ክፍል ሲቆጣ ብርሃን መጥላት ከዋና ምልክቶቹ አንዱ ነው፣ ቶሎ ካልታከመ እይታን ይወስዳል። ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና አንገት አልታጠፍ ማለት ከብርሃን መጥላት ጋር አንድ ላይ ከመጡ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላልና ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፣ ሌሊትም ቢሆን። ብርሃን ሲያይ ፊቱን የሚያዞር፣ እንባው የሚፈስና የዓይኑ ጥቁር ክፍል ተለቅ ያለ ሕፃን ካያችሁም አትጠብቁ፣ ከግላኮማ ጋር የተወለደ ሊሆን ይችላል።

እሺ፣ ወደ ጥቁሩ መነጽር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አውልቂው። ውጭ ፀሐይ ላይ አድርጊው፣ አልከለክልሽም፣ ጥሩ ነገር ነው። ጣሪያ ሥር ግን አይሆንም። ዓይን ለጨለማ ራሱን ያስተካክላል። ቀለም የሚያዩት ሴሎች በ10 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳሉ፣ ደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት ግን 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስድባቸዋል። የዓይን ብሌንም ከ2 ሚሊ ሜትር እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ጥቁር መነጽር ስታደርጊ ዓይንሽ ጨለማን መነሻው ያደርገዋል። ስታወልቂው በቀን ከሲኒማ ቤት እንደወጣ ሰው ትሆኛለሽ። ትናንት የምትችይው ብርሃን ዛሬ ይወጋሻል፣ ስለወጋሽ መነጽሩን መልሰሽ ታደርጊያለሽ፣ ነገ ደግሞ የባሰ ጥቁር ትፈልጊያለሽ። ወራት ሲሆነው መስኮት ያለበት ክፍል መግባት የማይችል ሰው ይሆናል። ከዚህ አዙሪት መውጣት ይቻላል፣ ግን በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ቀለል ወዳለ ቀለም ውረጂ፣ ከዚያ በየጥቂት ቀኑ ያለ መነጽር የምትቆይበትን ጊዜ ጨምሪ። ሰው ሠራሽ እንባውን ወይም የማይግሬን ሕክምናውን ጎን ለጎን ከጀመርሽ ይቀልልሻል። መንስኤው ሳይነካ መነጽር ብቻ መንጠቅ ግን ጭካኔ ነው፣ አልመክርሽም።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ መብራቱ እኮ ይወጋኛል» ትዪኛለሽ። መብራቱን እንየው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ችግሩ የብርሃን ብዛት ይመስለዋል። ደመና በሌለበት ቀትር ላይ ውጭ ያለው ብርሃን 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይደርሳል፤ ቢሮ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ነው። ዛፍ ጥላ ሥር የምትቀመጪበት ብርሃን ከቢሮሽ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ግን አይወጋሽም። ለምን? ከየአቅጣጫው ተበትኖ ስለሚመጣ ነው። የቢሮው ግን ጨለም ካለ ኮርኒስ መሃል ከትንሽ ቦታ ተሰብስቦ፣ ራቁቱን፣ ዓይንሽ ውስጥ ይገባል።

ነገ ቢሮ ስትገቢ ይሄን አድርጊ። ወንበርሽ ላይ እንደወትሮው ተቀመጪና ስክሪኑን እያየሽ መዳፍሽን ቅንድብሽ ላይ እንደ ቆብ ጫፍ አድርገሽ ያዢው። ወዲያው «እፎይ» ካልሽ፣ ጥፋተኛው ከላይ የሚወርደው መብራት ነው። ቀጥለሽ መዳፍሽን ከጎን በኩል አድርጊው፣ በመስኮቱ ወገን። እፎይታው እዚያ ከሆነ መፍትሔው ጠረጴዛሽን ማዞር ነው፤ መስኮቱ ከፊትሽም ከኋላሽም ሳይሆን ከጎንሽ ይሁን፣ መጋረጃ ወይም መሸፈኛ ይኑረው። ከላይ ከሆነ ደግሞ አምፖሉን የሚሸፍን ብርሃን በታኝ ክዳን እንዲደረግለት ጠይቂ፤ እምቢ ካሉሽ ከራስሽ በላይ ያለውን አንዱን ብቻ እንዲያጠፉልሽ ለምኚና ጠረጴዛሽ ላይ የራስሽን መብራት አኑሪ። አለቃሽ ካንገራገረ የሐኪም ወረቀት ይጠቅማል። እስከዚያው ፊት ለፊት ጠርዝ ያለው ቆብ ማድረግ ከጥቁር መነጽር ይሻላል። ያስቃል፣ ግን ይሠራል፤ ዓይንሽን ጨለማ ሳያስለምድ የሚወጋውን ብቻ ይጋርዳል።

ሌላው መርገብገብ ነው። የድሮዎቹ ረጃጅም ፍሎረሰንቶች እንደየአገሩ የኤሌክትሪክ መስመር በሰከንድ 100 ወይም 120 ጊዜ ይርገበገባሉ። እያየሽ አታዪውም፣ አንጎልሽ ግን ይመዘግበዋል። 1989 ላይ አርኖልድ ዊልኪንስና ባልደረቦቹ እንግሊዝ ውስጥ የቢሮ መብራቶችን ለሠራተኞቹ ሳይነግሩ በፍጥነት በሚርገበገቡ፣ ማለትም ዓይን በማይደርስባቸው ዓይነት ቀይረው ሲያዩ ራስ ምታቱና የዓይን መጨናነቁ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ዛሬ ኤልኢዲ መጣ ተብሎ ችግሩ አልጠፋም፤ ርካሽ ኤልኢዲ፣ በተለይ በዲመር (በብርሃን መቀነሻ ማብሪያ) ሲቀነስ፣ ይርገበገባል። መለየቱ ቀላል ነው። በመብራቱ ሥር እስክሪብቶ ይዘሽ እንደ ማራገቢያ በፍጥነት ወዲያ ወዲህ አወዛውዢው። ወጥ ብዥታ ከታየሽ ደህና ነው። ተነጣጥለው የቆሙ ብዙ እስክሪብቶዎች ከመሰለሽ መብራቱ እየበራና እየጠፋ ነው። የስልክሽን ካሜራ ወደ ዝግታ ቀረጻ አድርገሽ ወደ መብራቱ ብታዞሪም ጥቁር መስመሮች ሲሮጡ ታያለሽ። የስልኮች ስክሪንም ብርሃኑ ሲቀነስ የሚርገበገብ አለ። ሌሊት ስልኩን በጣም አደብዝዘው የሚያዩ ሰዎች ራሳቸውን የሚያማቸው አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

ሰማያዊ ብርሃን መከላከያ መነጽር? ገንዘብሽን ያዢ። የሕክምና ጥናቶችን እያሰባሰበ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት 2023 ላይ ያወጣው ግምገማ 17 ጥናቶችን ሰብስቦ አይቶ ከኮምፒውተር ለሚመጣ የዓይን ድካም ከተራ መነጽር የተሻለ ነገር አላገኘባቸውም። ያቺ ሐመር ቢጫ ሌንስ የምታስቀረው ሰማያዊ ብርሃን ጥቂት ነው።

ማይግሬን ላለባቸው የተጠና ሌላ ቀለም ግን አለ፣ ኤፍኤል-41 ይባላል፣ ሮዝ የሚመስል። 1991 ላይ የወጣ ጥናት ማይግሬን ያለባቸው ልጆች ላይ ሞክሮት በወር በአማካይ 6.2 የነበረው ማይግሬን ወደ 1.6 ወርዷል። ጥናቱ ትንሽ ነበር፣ ስለዚህ ተአምር አትጠብቂ። ግን ጣሪያ ሥር የግድ ባለቀለም መነጽር ያስፈልገኛል ለሚል ሰው ከጥቁሩ ይልቅ እሱን ነው የማዝለት፤ የሚረብሸውን የቀለም ክፍል ቀንሶ ሌላውን ያስገባል። የበርስቲን ቡድን ደግሞ 2016 ላይ ጠበብ ያለ አረንጓዴ ብርሃን ማይግሬንን ከሌሎቹ ቀለሞች ያነሰ እንደሚያባብስ አሳይቷል። ይሄን ይዘው አረንጓዴ አምፖል የሚሸጡ ሁሉ ጥናቱ ላይ የነበረውን ጠባብ ብርሃን አይሸጡም፣ ተራ አረንጓዴ አምፖል ሌሎች ቀለሞችንም ይለቃል።

በደብዛዛ ብርሃን ማንበብ ዓይን ያበላሻል? አያበላሽም። ያደክማል፣ ያደርቃል፣ ቢበዛ ራስ ያሳምማል፤ ጠዋት ስትነሺ ዓይንሽ የትናንቱ ዓይን ነው። ሕፃናት ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ቀን ቀን ውጭ በቂ ብርሃን የማያገኙ ልጆች ሩቅ ማየት ወደ መቸገር የመሄድ ዕድላቸው ይጨምራል። ስለዚህ የምትወጂውን ዋሻ ልጆች ካሉሽ ቀን ላይ አታጋሪያቸው።

አንቺም ብትሆኚ ቀኑ ላይ ብርሃን ያስፈልግሻል፣ ለዓይንሽ ሳይሆን ለእንቅልፍሽ። 2022 ላይ የዘርፉ ተመራማሪዎች ተስማምተው ያወጡት ምክር ቀን ላይ ዓይን ዘንድ ቢያንስ 250፣ ከመኝታ በፊት ባሉት 3 ሰዓታት ደግሞ ከ10 ያልበለጠ ብርሃን ይድረስ ይላል (መለኪያው ተራ ሉክስ ሳይሆን እነዚያን ሜላኖፕሲን ያላቸውን ሴሎች የሚመለከት ሉክስ ነው)። እዚህ ላይ አንቺ ከብዙ ሰው ትሻያለሽ፤ የማታው አባጁርሽ ትክክል ነው፣ ቤቱን ሁሉ አብርቶ የሚያመሸው ነው የተሳሳተው። የጎደለሽ የቀኑ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ግማሽ ሰዓት በእግር ሂጂ፣ ካስፈለገሽ ቆብ አድርጊ። ቀኑንም ማታውንም በጨለማ መዋል እንቅልፍን ያዛባል፣ ስሜትንም ይጎትታል።

ስክሪን ላይ አንድ ነገር ብቻ። ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ለሁሉም አይመችም። ገጹ ሲጠቁር የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ አስቲግማቲዝም ካለብሽ ነጩ ፊደል ዙሪያውን ይበተንብሻል። ከዚያ ይልቅ ነጩን ገጽ እንዳለ ተዪውና ብርሃኑን ከክፍሉ ጋር አስተካክዪ። ስክሪኑ አጠገብ ነጭ ወረቀት ያዢ፤ ስክሪኑ ከወረቀቱ በጣም የሚደምቅ ከሆነ ቀንሺው።

ስለ ባለቤትሽ። እሱም ልክ ነው፣ ዕድሜው ከአንቺ ከበለጠ ደግሞ የበለጠ ልክ ነው። ዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ ከዕድሜ ጋር ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፣ ብሌናችንም ይጠባል፤ የ60 ዓመት ሰው ሬቲና ጋ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ገደማ ነው። ለአንቺ የበቃው ለእሱ ጨለማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ይብራ፣ ይጥፋ» የሚለውን ክርክር ተዉት። የጣሪያውን መብራት አጥፉና ሁለት ሦስት ዝቅ ያሉ መብራቶች በየጥጉ አድርጉ፣ አምፖላቸው 2,700 ኬልቪን የሚል (ቢጫማ፣ ሞቅ ያለ ብርሃን የሚሰጥ) ይሁን። የእሱ ማንበቢያ ከትከሻው ኋላ ሆኖ መጽሐፉ ላይ ይውረድ። ቴሌቪዥን ስታዩ ድፍን ጨለማ አታድርጉት፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ አንድ ትንሽ መብራት ግድግዳው ላይ ይብራ። ከዚያ አንቺ ሁልጊዜ የምትቀመጪበት ቦታ ተቀምጠሽ ዙሪያሽን እዪ። አምፖል ራሱ የሚታይሽ ከሆነ ቦታው ይቀየር ወይም ይሸፈን። የሚታይሽ ግድግዳው ላይ ያረፈው ብርሃን ብቻ ከሆነ ግን መብራቱን ተዪለት።